የሀገር ፍቅር መድረክና የቃናው መለዋወጥ



የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው ረጅም ዕድሜ ያለው የጥበብ ሥራ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር ቃናው እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ጉዳዩ ስለ አንድ ድርሰት ወይም ስለ አንድ ደራሲ አይደለም፤ ባለሙያው በባለሙያ እየተተካ፣ ስሙ ግን ሳይለወጥ ስለሚቀጥል ሥራ ነው። ለዚህ ከፒያሳው ሀገር ፍቅር ቴአትር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የአማርኛ ተውኔት ጅማሬ ሳቅ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ያቀረቡት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መኳንንቱን በእንስሳት ምሳሌ የሚተች ስላቅ ነበር፤ ተከለከለም። ሀገር ፍቅር ማኅበር ግን በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት በ1927 ዓ.ም. ክረምት ሲቋቋም የሳቅ ጊዜ አልነበረም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገብቷልና መድረኩ የተወለደው ጦርነት በደጅ ቆሞ ሳለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቃናው የአዋጅ ቃና ሆነ፤ ንግግር፣ ሽለላ፣ ፉከራ፣ የአዝማሪ ቅስቀሳ። ከታዳሚው የሚፈለገው እንዲዝናና ሳይሆን እንዲነሣ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ስሙ ያው ሆኖ ድምፁ ለሰለሰ። ክራርና መሰንቆ፣ የየክፍለ ሀገሩ ጭፈራ፣ ስለ ትዳርና ስለ ግብረ ገብ የሚናገሩ ተውኔቶች መድረኩን ሞሉት። ኢዮኤል ዮሐንስን የመሰለ ደራሲ ተውኔቱንና የዘፈን ግጥሙን ጎን ለጎን ይጽፍ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ከመሻገሩ በፊት የዘፈነው እዚሁ ነው። «ሀገር ፍቅር» ከሚለው ስም ቀድሞ «ሀገር» የሚለው ቃል ጎልቶ ይሰማ እንደ ነበር፣ አሁን ደግሞ «ፍቅር» የሚለው ተራውን አገኘ ማለት ይቻላል። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በታላቅ አዳራሽ ሲከፈት፣ ሀገር ፍቅር የአራዳ ሕዝብ በእግሩ የሚደርስበት የሰፈር ቤት ሆኖ ቀጠለ። ይሁንና ንጉሡን ማወደስ የዚያም ዘመን ግዴታ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የአዋጁ ቃና ተመለሰ። ቀበሌው ሁሉ የኪነት ጓድ አቋቋመ፤ መዝሙርና መፈክር በዘፈን ቦታ ተተኩ፤ ሰዓት እላፊው የከተማውን ምሽት አሳጠረ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የ1927 ዓ.ም. ቃና ይመስላል፤ ግን አይደለም። ያን ጊዜ ጠላት የሚመጣው ከውጭ ነበር፤ አሁን ግን በጎረቤትና በወንድም መካከል ይፈለግ ጀመር። በዚህም ምክንያት ታዳሚው በሰሙ እያጨበጨበ ወርቁን ለራሱ የሚያዝ አድማጭ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መፈክሩ ሲወርድ የቤት ውስጥ ኑሮና አስቂኝ ተውኔት ነገሠ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የአማርኛ ፊልም ተመልካቹን ይሻማ ጀመር።

የቃና ለውጥ በቴአትር ብቻ የሚታይ አይደለም። ወጣቶች የሚያውቁት «ዜልዳ» የተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ በ1986 እ.ኤ.አ. በጀብድ ታሪክ ተጀመረ። በ2000 የወጣው ክፍሉ ዓለም ሊጠፋ ሦስት ቀን የቀረው የኀዘን ታሪክ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ደግሞ በሕፃናት ሥዕል ዓይነት በደመቀ ባሕር ላይ ተንሸራሸረ። ብዙዎች «ይህስ የእኛው ጨዋታ አይደለም» ብለው አጉረመረሙ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያው የተነቀፈው ክፍል ከተወደዱት ተቆጠረ።

እንግዲህ «የድሮው ሀገር ፍቅር ቀረ» የሚለው ምሬት እንዴት ይመዘን? «የድሮው» የትኛው ነው? የፉከራው ነው ወይስ የክራሩ? ቃና መለወጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕያው የሆነ ሁሉ ይለወጣል። ሊጠየቅ የሚገባው ለውጡ ከወዴት መጣ የሚለው ነው። ታዳሚው ሲለወጥ የተለወጠ ቃና ሥር ይይዛል፤ በትእዛዝ የተለወጠ ግን ትእዛዙ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ግልጽ አለመሆኑም እውነት ነው። የ1927ቱን ቅስቀሳ ያስጀመረው ራሱ የመንግሥት ሹም ነበር፤ ሕዝቡ የራሱ ያደረገው ግን ፍርሃቱም ቁጭቱም የራሱ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። በእግሩ መጥቶ፣ ቀልዱን ቀድሞ ተረድቶ፣ ተዋናዩን በስሙ ጠርቶ የሚመልስ ታዳሚ ተበትኗል። ቃና ደግሞ በመድረክና በታዳሚ መካከል የሚፈጠር እንጂ ተዋናይ ብቻውን የሚያመጣው አይደለም። መድረኩ ከእንግዲህ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ እንዴት እንደሚናገር ሊወስን አይችልም።

ስለዚህ በባለሙያው ፊት ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው የተበተነውን ታዳሚ ባለበት ሄዶ መስማት ነው፤ ቀድሞም የሀገር ፍቅር ጓድ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ አሳይቷል። ሁለተኛው በየዘመኑ የተጫወቱትን አንጋፋዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ድምፃቸውን መቅረጽ ነው። የተውኔት ጽሑፍ ቃሉን ያቆያል፤ የት ላይ ዝም እንደ ተባለ፣ ሕዝቡ የት ላይ እንደ ሣቀ፣ የትኛው ስንኝ በፍርሃት እንደ ተነገረ ግን ወረቀት አይናገርም። ይህ ካልተጠበቀ መጪው ትውልድ የሚወርሰው የቤቱን ስም ብቻ ይሆናል።