የመከላከያና የከፍተኛ ትምህርት ክርክር በአንድ የሕግ አውጪ ንግግር ውስጥ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብና ለከፍተኛ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ይጣላሉን ወይስ ይታረቃሉ? ይህ ጥያቄ በየአገሩ ምክር ቤት በጀት በቀረበ ቁጥር የሚነሣ ነው። እኔ ግን ነገሩን በጠቅላላው ከማውራት፣ አንድ የሕግ አውጪ በምክር ቤት የተከራከሩበትንና ያስወሰኑትን ይዤ ብመረምር ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። ሰውዬው የአሜሪካው ጀስቲን ሞሪል ናቸው። እሳቸውን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያስወጡት ሕግ ባሕር ተሻግሮ እስከ ሐረርጌ፣ እስከ ዓለማያ ድረስ ፍሬ አፍርቷልና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሞሪል በ1810 በቬርሞንት ግዛት ከአንጥረኛ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኮሌጅ ለማስገባት አቅም ስላልነበራቸው ልጁ በ15 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው የሱቅ ሥራ ያዙ። በ1855 ወደ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት ገቡ፤ በ1867 ወደ ሕግ መወሰኛው ተዛወሩና በ1898 እስከ ሞቱ ድረስ በዚያው ቆዩ። ኮሌጅ ያልገቡት ሰው የኮሌጅ ሕግ አባት ሆኑ ማለት ነው።

በ1857 ያቀረቡት ረቂቅ ሐሳቡ ቀላል ነበረ። መንግሥት ካለው ሰፊ መሬት ለየግዛቱ ይሰጣል፤ መሬቱ ተሽጦ ገንዘቡ ወለድ ይገባበታል፤ በወለዱም የገበሬውና የባለሞያው ልጅ የሚማርበት ኮሌጅ ይቋቋማል። ሞሪል በ1858 ሲከራከሩ የአሜሪካ መሬት እየደከመ ምርቱ እየቀነሰ መሄዱን አስረዱ፤ በአውሮፓ የእርሻ ትምህርት ቤቶች መስፋፋታቸውን ጠቀሱ። መንግሥት ለነጋዴው መርከብ የባሕር መብራት ሲያቆም፣ ለባቡር ኩባንያ መሬት ሲሰጥ፣ ለጦር መኮንኖችም ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ለአራሹ ግን እጁን ማጠፉ ፍትሕ አይደለም አሉ። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ወታደራዊ ትምህርት ቤት የሚነሣው የአድልዎ ምሳሌ ሆኖ ነው።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የቨርጂኒያው ሴናተር ሜሰን፣ ማዕከላዊው መንግሥት በግዛቶች ትምህርት ገብቶ የመፈትፈት ሥልጣን የለውም አሉ። የምዕራቡ ሰዎች ደግሞ መሬታችንን የምሥራቅ ነጋዴ ገዝቶ ጦም ያሳድርብናል ብለው ፈሩ። ረቂቁ በመጀመሪያው ምክር ቤት በ105 ድምፅ ለ100፣ በሁለተኛው በ25 ለ22 አለፈ። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1859 አልፈርምም ብለው መለሱት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ምክር ቤቱን ጥለው ስለ ሄዱ ተቃዋሚው ሳሳ። ሞሪልም ረቂቃቸውን እንደገና ሲያቀርቡ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ኮሌጆቹ ከእርሻና ከመካኒክ ጥበብ ጋር የጦር ስልት እንዲያስተምሩ የሚያዝ ቃል ገባ። በ1862 ረቂቁ በሕግ መወሰኛው በ32 ድምፅ ለ7፣ በሕግ መምሪያው በ90 ለ25 አለፈ። ፕሬዚዳንት ሊንከን ሐምሌ 2 ቀን ፈረሙበት።

ይህን ጭማሪ ብዙ ሰው ድምፅ መሸመቻ ዘዴ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን በጉባኤው መዝገብ የሰፈረው የሞሪል ሐተታ ሌላም ነገር ይዟል እላለሁ። የሚሉት እንዲህ ነው፤ ዌስት ፖይንት ያለው የጦር ትምህርት ቤት በሰላም ጊዜ ለሚኖረው ትንሽ ጦር ይበቃል፤ ጦርነት ድንገት ሲነሣ ግን ለሚሰለፈው ብዙ ሠራዊት አይበቃም። ሠራዊቱን ወደ ቀድሞው ትንሽነቱ መልሰን በፈቃደኛ ዜጋ ልንጠበቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ የየግዛቱ ሕዝብ የራሱን ሰዎች የሚመራ የተማረ ሰው ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ ለሞሪል ወታደራዊ ትምህርት ወደ ኮሌጅ የገባው ትልቅ ቋሚ ጦር እንዳያስፈልግ ነው። ማለፊያ ሐሳብ ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳብ ከተናገረው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ሕጉ የጦር ስልት ትምህርት ይሰጥ አለ እንጂ ተማሪው ሁሉ ይገደድ አላለም። ኮሌጆቹ ግን በአብዛኛው አስገዳጅ አደረጉት። በ1916 የወጣው የአገር መከላከያ ሕግ በየዩኒቨርሲቲው የመጠባበቂያ መኮንኖች ማሠልጠኛ አቋቋመ። ኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖታችን ጦር መሣሪያ ከማንሣት ይከለክለናል ያሉ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ1934 ዩኒቨርሲቲው ማስገደድ ይችላል ብሎ ፈረደ። አንድ መስመር ቃል ከ72 ዓመት በኋላ የተማሪ ኅሊና ላይ ደረሰች።

ሌላም ዕዳ አለ፤ እርሱም የመሬቱ ነው። ሕጉ ለአንድ እንደራሴና ለአንድ ሴናተር 30,000 ኤከር ያስብ ነበር፤ ይህም በእኛ ልክ ጋሻውን በ40 ሄክታር ብንቈጥረው 300 ጋሻ ያህል ይሆናል። ይህ መሬት ባለቤት የሌለው አልነበረም። በ2020 የታተመ የጋዜጠኞች ምርመራ እንዳሳየው፣ ለኮሌጆቹ የተሰጠው ወደ 11 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት ከ250 ከሚጠጉ የአገሬው ነባር ነገዶች የተወሰደ ነው፤ ከፊሉ በተጭበረበረ ውል፣ ከፊሉም በጦር ኃይል። በምክር ቤቱ ስለ ገበሬው ልጅ ትምህርት ብዙ ክርክር ሲደረግ መሬቱ ከማን እጅ እንደ ወጣ የጠየቀ ድምፅ አልነገሠም።

የሞሪልን ሥራ በሙሉ ልመዝን ካልሁ ግን የ1890ውንም ሕግ ልርሳው አይገባኝም። በ80 ዓመት ዕድሜያቸው ያስወጡት ይህ ሁለተኛ ሕግ ለኮሌጆቹ ዓመታዊ ገንዘብ መደበ፤ ጥቁር ተማሪ የማይቀበል ግዛትም ገንዘቡን እንዳያገኝ ከለከለ። ነገር ግን ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ ማቋቋምን ስለ ፈቀደ ልዩነቱን አላጠፋውም። የሆነ ሆኖ በደቡቡ አገር ብዙ የጥቁሮች ኮሌጆች የቆሙት በዚህ ሕግ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በሞሪል ሕግ ከተቋቋሙት አንዱ የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ በ1952 ውል ተፈረመ፤ ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። የኮሌጁ ስም ራሱ፣ «የእርሻና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ» መባሉ፣ ከ1862ቱ ሕግ ቃል የተቀዳ ነው። ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ይኸው ነው።

ወደ እኛ የመጣው ሦስት እግር ያለው አሳብ ነበረ፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተመራመሩትን ለገበሬው ማድረስ። በ1963 ግን ገበሬውን የማስተማሩ ሥራ ከኮሌጁ ተነሥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ሚኒስቴሩ ሥራውን መያዙ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ሆኖም ሞሪል በ1858 የተሟገቱለት አራሽ ከኮሌጁ ደጅ ራቅ አለ ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት የጠፋውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ሕግ ሲቀዳ ከቃሉ ጋር ምክንያቱም መቀዳት እንዳለበት ለማመልከት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ ሁሉ የማወጣው ፍርድ ይህ ነው። መከላከያና ትምህርት ሊታረቁ ይችላሉ፤ ሞሪል አስታርቀዋቸዋል። ነገር ግን እርቁ የቆመው በፍርሃት ጊዜ ነው፤ በፍርሃት ጊዜ የተገባ ውል ደግሞ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ያስከፍላል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ በተሰጠ ቁጥር፣ ሰጪው መንግሥትም ይሁን የውጭ አገር፣ ሦስት ነገር መጠየቅ የተማሪውና የመምህሩ ግዴታ ይመስለኛል። ገንዘቡ ከማን ተወሰደ? በምላሹ ከእኛ ምን ይፈለጋል? የተፈለገውስ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል ወይስ ቆይቶ የሚጨመርብን ነው?

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የማይስማማ ካለ መድረኩ ክፍት ነውና ይናገር፤ የምክር ቤት ክርክር ጥቅሙን ያየነው ከተቃዋሚዎቹም ቃል ነውና።