የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ያላጣራ ግን ዝም ይበል

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእድሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)




ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስለዚህ ነገር ለመናገር ከእኔ ይልቅ የተማሩት ልጆቻችን ይሻላሉ። ነገር ግን ጥፋቱ የደረሰው በእኔ እጅ ስለሆነ መናገሩም የእኔ ዕዳ ነው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጥር ወር አንድ አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የቀብሩን ጥሪ ከጧቱ በ1 ሰዓት ተኩል ግሩፑ ላይ ጻፍኩና ወደ ሐዘን ቤቱ ሄድኩ። 3 ሰዓት ሆነ፣ ድንኳን የሚተክል የለም። 4 ሰዓት ሆነ፣ የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ምን ነካው ይሄ ሰው ብዬ ስልኬን ብከፍት ጥሪው የለም። የነፃ ካርድ፣ የሽልማት፣ የብድር፣ የውጭ አገር ሥራ የሚል መዓት መልእክት ተጭኖበታል። ከአባላቱ ግማሹ ጩኸቱ ሰልችቶት የግሩፑን ድምፅ አጥፍቷል። ሌላው በዚያው ሌሊት ጥቅሉ አልቆበታል።

ከቀብር መልስ ባለቤታቸው ጠሩኝና «ልጄ፣ ባሌን የቀበርኩት እድር እንደሌለው ሰው ነው። 30 ዓመት የከፈልነው ለዚህ ነው ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያ ሁሉ መልእክት ከየት መጣ ትሉ እንደሆነ፣ ከእኔው ስልክ ነው። በዋዜማው ማታ ከማውቀው ሰው «ይህን ተጫን፣ ካርድ ይሞላልሃል» የሚል መጣልኝ። ተጫንኩ። ቀጥሎ በስልኬ ላይ አንድ ቁጥር ደረሰኝና ያንን ቁጥር ጻፍ አለኝ። እኔም ጻፍኩ። ለካስ ያ ቁጥር የቴሌግራሜ ቁልፍ ኖሯል። ሌባው በእኔ ስም ገብቶ ለግሩፑ ሲበትን አደረ። ይባስ ብሎ ለአንድ አባላችን «ቸግሮኛል፣ 2000 ብር ላክልኝ» ብሎ ጻፈላቸው። ጸሐፊው ነው ብለው አምነው ላኩ። ገንዘቡን ከኪሴ ተክቻለሁ፤ ያለፈውን ቀብር ግን መተካት አይቻልም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥቅል። አብዛኞቻችን የምንገዛው ትንሽ ዳታ ነው። ዳታው የሚያልቀው በጽሑፍ አይደለም። አንድ የአማርኛ ፊደል በስልክ ሲላክ የሚይዘው 3 ባይት ብቻ ነው። 200 ፊደል ያለው የቀብር ጥሪ፣ ፊደሉ ብቻ ሲቆጠር፣ 600 ባይት ያህል ቢሆን ነው። አንድ ባለ 6 ሜጋ ባይት ቪዲዮ ግን የ10,000 እንዲህ ያለ ጥሪ ቦታ ይበላል። ስለዚህ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከሚለው ገብታችሁ፣ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ከዚያ በኋላ የሚወርደው እናንተ ፈቅዳችሁ የነካችሁት ብቻ ነው። ፎቶ የምትልኩም በፎቶነቱ ላኩት እንጂ በፋይል አትላኩ። በፎቶነቱ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሌባው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብም ያለው ስልካችን ውስጥ ነው። በመልእክት የሚመጣላችሁን የመግቢያ ቁጥር ለማንም አትስጡ፤ ለልጅም፣ ለዘመድም፣ ከመሥሪያ ቤት ነው የደወልኩት ለሚልም። ሰው ገንዘብ ላክልኝ ቢላችሁ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። እኔ ተደውሎልኝ ቢሆን ኖሮ ያ 2000 ብር አይሄድም ነበር።

«ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውንም ክፈቱ። ይህ በበሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ማለት ነው፤ ሌባው ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ሌባ ከገባ ደግሞ አትደንግጡ፣ ፍጠኑ። «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የእናንተ ያልሆነውን ስልክ አስወጡ። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ባለቤቱን ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ ያ ቀን የእናንተ ነው፤ አትተኙበት። እኔም የዳንኩት ጎረቤቴ የሆነ ተማሪ በዚያው ቀን ስላሳየኝ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ግሩፑ ሥርዓት። ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባኤው ያቀርባል።

ሀ) ግሩፑ ለሁለት ይከፈል። አንዱ የጥሪ ይሁን፤ እዚያ ላይ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ ብቻ ይጻፉ። የሚጻፈውም ሞት፣ ሕመም፣ ስብሰባና ክፍያ ብቻ ነው። የጥሪውን ግሩፕ ድምፅ ማንም እንዳያጠፋ አደራ። ሁለተኛው የጨዋታ ይሁን፤ ሰላምታውም ቀልዱም እዚያ ይሂድ።

ለ) በጨዋታው ግሩፕ ላይ ሊንክ መላክና አዲስ ሰው ማስገባት ለአባላት ይዘጋ። አዲስ የሚገባ ካለ በኮሚቴው በኩል ይግባ። መልእክት ሲበዛ «ስሎው ሞድ» የሚባለውን እንከፍታለን፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ደጋግሞ መጻፍ አይችልም።

ሐ) አይፈለጌ መልእክት የሚልክ እንግዳ ስም ያየ ሰው አይስደበው፣ አይመልስለትም። መልስ ሲያገኝ ሰው መኖሩን ያውቃልና ይብስበታል። ሪፖርት አድርጎ ብሎክ ያድርገው፣ ለኮሚቴውም ይንገር። ፈቃዳችንን ሳይጠይቁ ማስታወቂያ መበተን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ መሆኑንም እንወቅ።

አራተኛ፣ ስለ ጥሩምባው። ጥሩምባ ነፊያችንን ያሰናበትነው ወጪ ይቀንስ ብለን ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረብኩትም እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ይመለሱ እላለሁ። ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉን። ስልክ ኖሮት ጥቅል የሌለው አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም በአገራችን ተዘግቶ እንደነበረም አንርሳ። ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል፣ መብራትም ይጠፋል፤ ሞት ግን ኔትወርክ አይጠብቅም።

ደግሞም ጥሩምባ ነፊያችን አስተማሪያችን ናቸው። የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተናግረው ያልፉ ነበር። መንገድ ላይ አንዱ «የእኔንም ሱቅ አብረህ ንገርልኝ» ቢላቸው ይነግሩለት ነበር ወይ? ከሐዘን ቤት ሳይላኩስ የማንን ሞት ተናግረው ያውቃሉ? እኛም ስልክ ስንይዝ ሁላችንም ጥሩምባ ነፊ ሆነናል። የነፊው ጨዋነት ግን አብሮ አልተሰጠንም፤ ልንማረው ይገባል።

በመጨረሻም፣ ሴቲንጉን የሚያሳዩ ሁለት ተማሪዎች ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል። ከስብሰባው በኋላ ስልካችሁን እንደያዛችሁ ወደ እነሱ ጠጋ በሉ። ስታሳዩአቸው የሚስጥር ቁጥራችሁን ራሳችሁ ጻፉ፤ ለእነሱም ቢሆን አትንገሩ። እነሱም አይከፋቸውም፤ እንደዚያ በሉ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ለሟቹ ቤተሰብ በእድሩ ስምና በራሴ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለቤታቸው ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።



የእድሩ ጸሐፊ