ሮድ አይላንድ፤ የአሜሪካ ትንሿ ግዛትና የምሕንድስና ሥራዎቿ



ስለ ተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የአገሪቱ ስፋት ነው። የወንዞቿ ርዝመት፥ የሜዳዎቿ ዳርቻ ማጣት፥ የግድቦቿ ግዙፍነት ይተረካል። ይሁን እንጂ ከ50ዎቹ ግዛቶች መካከል በቆዳ ስፋት የመጨረሻውን ደረጃ የያዘችው ሮድ አይላንድ ለመሐንዲስ የምታስተምረው ነገር ታላላቆቹ ከሚያስተምሩት አያንስም። የዚህ ንግግር ዓላማ ግዛቲቱን በአጭሩ ማስተዋወቅ፥ ትንሽ አገር በሥራዎቿ እንዴት እንደምትኖርና ሥራዎቿ ሲዘነጉ ምን እንደሚደርስባት ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮድ አይላንድ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፥ በማሳቹሴትስና በኮነቲከት መካከል፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ትገኛለች። የየብስ ስፋቷ 2,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከጣና ሐይቅ ስፋት እንኳ ጥቂት ያንሳል። ከሰሜን እስከ ደቡብ 77፥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከፍተኛው ኮረብታዋም ከባሕር ወለል በላይ 247 ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ በ2020 በተደረገው ቆጠራ 1,097,379 ሰዎች ተመዝግበዋል። ስለዚህ በሕዝብ ጥግግት ከኒው ጀርሲ በቀር የሚቀድማት ግዛት የለም። ስሟ ደሴት ቢያሰኛትም አብዛኛው ክፍሏ የብስ ነው፤ ስሙ የተገኘው የኒውፖርት ከተማ ካለችበት ደሴት ነው። የናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ ግዛቲቱን ከደቡብ እስከ ዋና ከተማዋ እስከ ፕሮቪደንስ ድረስ ሰንጥቆ ስለሚገባ ነዋሪው ሁሉ ከባሕር ብዙ አይርቅም።

የግዛቲቱ ታሪክ የሚጀምረው ከስደት ነው። ሮጀር ዊሊያምስ የተባለው ሰባኪ መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሊያዝ አይገባውም በማለቱ ከማሳቹሴትስ ተባረረ፤ በ1636ም የናራጋንሴት ሕዝብ መሪዎች ካኖኒከስና ማያንቶኖሚ በፈቀዱለት መሬት ላይ ፕሮቪደንስን መሠረተ። በ1663 የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ የሰጡት ቻርተር የሃይማኖትን ነፃነት አጸና። በሌላ ሥፍራ የሚሳደዱ ኩዌከሮችና አይሁድ መጠጊያ አገኙ፤ በ1763 በኒውፖርት የተመረቀው ምኩራብም ዛሬ ድረስ ቆሟል። ግዛቲቱ ለሌሎች መጠጊያ ስትሆን ለባለ መሬቶቹ ግን አልሆነችም። በታኅሣሥ 1675 የአጎራባች ቅኝ ግዛቶች ጦር ናራጋንሴቶችን ባሉበት ረግረግ ውስጥ ፈጃቸው፤ በ1880 ደግሞ ግዛቲቱ ራሷ የነገዱን ሕጋዊ ህልውና ሻረች። በ1978 በተደረገ ስምምነት 730 ሄክታር ያህል መሬት ተመለሰላቸው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ነገዱን በሕግ ያወቀው በ1983 ነው።

ሌላውም የታሪኳ ጥቁር ምዕራፍ እንዲሁ ሊታለፍ አይገባውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኒውፖርትና የብሪስቶል ነጋዴዎች ከሸንኮራ አገዳ ዝቃጭ የሚወጣውን አረቄ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እየጫኑ በልዋጩ ሰው ይገዙ ነበር። በመርከቦቻቸው የተጫኑት አፍሪካውያን ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆኑ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ግዛቲቱ ይህን ንግድ በ1787 በሕግ ብትከለክልም ነጋዴዎቿ ሕጉን ከመጣስ አልተመለሱም። «ሮድ አይላንድና የፕሮቪደንስ ፕላንቴሽኖች» ይባል የነበረው ሙሉ ስሟ የባርነቱን ዘመን እርሻዎች ያስታውሳል በመባሉ ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ የኋለኛውን ክፍል ሰርዞታል።

የኢንዱስትሪው ዘመንም ከዚሁ ታሪክ አልራቀም። ሳሙኤል ስሌተር የተባለው እንግሊዛዊ ባለሙያ የመፍተያ መኪናዎችን ንድፍ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለነበር ዕውቀቱን በአእምሮው ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በነጋዴው በሞዝስ ብራውን ገንዘብ በ1790 በፖታኬት ፏፏቴ አጠገብ በውሃ ኃይል ጥጥ መፍተል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆነ ዘጠኝ ሕፃናት ነበሩ። ሞዝስ ብራውን ባሪያዎቹን ነፃ ያወጣና የባሪያ ንግድን የተቃወመ ሰው ነበር፤ የፋብሪካው ጥጥ ግን በባሮች ላብ የበቀለ ነበር። በ1793 የተሠራው የፋብሪካው ሕንፃ ዛሬም በወንዙ ዳር ይታያል።

ፋብሪካው በዚያ ሥፍራ የተተከለበት ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። የብላክስቶን ወንዝ ከማሳቹሴትስ ከዉስተር ከተማ ተነሥቶ እስከ ፕሮቪደንስ በ74 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ 133 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ ውርደት በአንድ ታላቅ ፏፏቴ ሳይጠቃለል በብዙ ትንንሽ መውደቂያዎች የተከፋፈለ ስለሆነ በየመውደቂያው ግድብ፥ በየግድቡም ፋብሪካ፥ በየፋብሪካውም መንደር ተሠራ። ኋላም የፕሮቪደንሱ ጆርጅ ኮርሊስ በ1849 የባለቤትነት መብት ባገኘበት የእንፋሎት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ፋብሪካውን ከወንዝ ጥገኝነት አላቀቀው። የኮርሊስ ሞተር በየምቱ የሚያስገባውን እንፋሎት እንደ ሥራው ጫና ራሱ ስለሚመጥን የድንጋይ ከሰል ይቆጥባል፤ ፍጥነቱም ስለማይዋዥቅ ፈትል አይበጥስም። በ1876 በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን የቆመው 1,400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሩ የአዳራሹን መኪናዎች በሙሉ አንቀሳቅሷል። ነገር ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ደቡብ ግዛቶች ተሰደዱ። ባዶ ሕንፃዎችና በወንዙ ደለል ውስጥ የተቀበረ ብረታ ብረታማ መርዝ ቀሩ።

ክቡራን፤ ከዚህ በኋላ የሚነሡት ሥራዎች የግዛቲቱን የዛሬ ኑሮ የተሸከሙ ናቸው። የመጀመሪያው የሲቹዌት የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የፕሮቪደንስ ሕዝብ በመብዛቱ በ1915 በወጣ ሕግ መሠረት መንደሮች ተነሥተው፥ ከሺህ የሚበልጡ ሕንፃዎች ፈርሰው ግድቡ ተሠራ። ውሃ መጠራቀም የጀመረው በ1925፥ የማጣሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1926 ነው። ዛሬ ከግዛቲቱ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚጠጣው ከዚሁ ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ደን ተከብሮ መጠበቁ ለጌጥ አይደለም፤ የማጣሪያው ሥራ የሚጀምረው ከዛፎቹ ሥር ነው።

ሁለተኛው ባሕርን የሚመለከት ነው። መስከረም 21 ቀን 1938 የመጣው አውሎ ነፋስ በሮድ አይላንድ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ የፕሮቪደንስንም መሐል ከተማ በባሕር ውሃ አጥለቀለቀ። የባሕረ ሰላጤው ቅርጽ ወደ ሰሜን እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ ነፋስ የገፋው ውሃ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ባለ ሥፍራ ተጨናንቆ ከፍ ይላል። በነሐሴ 1954 ካሮል የተባለው አውሎ ነፋስ ያንኑ ጥፋት ደገመ። ከዚህ በኋላ ከ1960 እስከ 1966 የፎክስ ፖይንት መከላከያ ተሠራ። ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል፥ ከፍታው ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን ወንዙ በሚያልፍበት ላይ እያንዳንዳቸው 12 ሜትር የሚሰፉ ሦስት ቅስት የብረት በሮች አሉት። የንድፉ ብልኀት ግን ከበሮቹ በስተጀርባ ይገኛል። በሮቹ ሲዘጉ ባሕሩ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ የሚመጣው ወንዝ ግን መውጫ አጥቶ ከተማዋን ከውስጥ ያሰጥማት ነበር። ስለዚህ አምስት ታላላቅ ፓምፖች በሰከንድ 200 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ከወንዙ አንሥተው ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዲያፈሱ ተደርጓል። በ1991ና በ2012 ማዕበል በመጣ ጊዜ በሮቹ ተዘግተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ መከላከያ የሚጠብቀው መሐል ከተማውን ብቻ ነው። በመጋቢት 2010 ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ በዝናብ የሞላው የፖታክሰት ወንዝ ከመከላከያው ክልል ውጭ የዎሪክን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አስጠመ፤ አውራ ጎዳናውም ተዘጋ። የባሕሩም ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው። ትናንት በቂ የነበረ የግድግዳ ቁመት ነገ እንደገና መሰላት አለበት።

ሦስተኛው የዋሽንግተን ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ ፕሮቪደንስን ከምሥራቅ ፕሮቪደንስ ጋር የሚያገናኝ ሲሆን ወደ ምዕራብ የሚያልፉትን መኪናዎች የሚሸከመው ክፍሉ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን 2023 በድንገት ተዘጋ። ምክንያቱም በጥገና ሥራ ላይ የነበረ መሐንዲስ የተንጠለጠሉትን የኮንክሪት አግዳሚዎች ወደ ታች ይዘው ሚዛናቸውን የሚጠብቁት የብረት ማሰሪያ ዘንጎች መበጠሳቸውን በማየቱ ነው። በወራት ውስጥ ድልድዩ ፈርሶ በአዲስ እንዲተካ ተወሰነ። በቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ወደ ሌላው ክፍል ተጨናነቁ፤ የአምቡላንስ መንገድ ረዘመ፤ በአካባቢው ያሉ ነጋዴዎች ደንበኛ አጡ። ድልድዩ በየጊዜው ይመረመር እንደነበር መዝገቡ ይናገራል። እንግዲህ ጥያቄው ተመረመረ ወይስ አልተመረመረም የሚል አይደለም፤ ተመርማሪው የትኛው ክፍል ቢበጠስ ምን እንደሚወድቅ ታውቆ ነበር ወይ የሚል ነው። በዓይን የማይታይ ዘንግ የድልድዩን ክብደት ሁሉ ሊወስን ይችላልና።

በአራተኛ ደረጃ የሚጠቀሰው አዲስ ሥራ ነው። በታኅሣሥ 2016 በብሎክ ደሴት አጠገብ በአሜሪካ ውቅያኖስ ላይ የመጀመሪያው ለንግድ የሚሠራ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አምስቱ ተርባይኖች በድምሩ 30 ሜጋዋት ያመነጫሉ። ቀድሞ በናፍጣ ጄኔሬተር ብቻ ትኖር የነበረችው ደሴት ከየብሱ ጋር በኤሌክትሪክ ገመድ ተገናኘች። ነገር ግን ገመዱ በደሴቲቱ ዳር በበቂ ጥልቀት ባለመቀበሩ ሞገድ አሸዋውን ጠርጎ አወጣው፤ እንደገናም በብዙ ድካም መቅበር ግድ ሆነ። ተርባይኖቹ የዓለምን ዓይን ሲስቡ ችግሩ የመጣው ከማንም ዓይን ከተሰወረው ጉድጓድ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። ትልቅ አገር አንድ ሥራ ሲበላሽበት ሌላ አለው፤ ድልድይ ቢሰበር ዙሪያ መንገድ፥ ምንጭ ቢደርቅ ሌላ ወንዝ ይገኛል። ትንሽ አገር ግን አንድ ባሕረ ሰላጤ፥ አንድ ማጠራቀሚያ፥ አንድ መከላከያ ብቻ ይኖራታል፤ ትንሽነት ምትክ ማጣት ነው። ስለዚህ ሮድ አይላንድ ለሙያው ባለቤቶች የምታቀርበው ትምህርት የመሥራትን ብቻ ሳይሆን የመጠበቅንም ሒሳብ ነው። ለምረቃ ቀን የሚወጣው ገንዘብ በሁሉም ዘንድ በቀላሉ ይፈቀዳል፤ ዘንጉን በየዓመቱ ለመመርመር፥ ፓምፑን ማዕበል በሌለበት ቀን ለመሞከር፥ ደኑን ከመቆረጥ ለማዳን የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ዘወትር ለከርሞ ይተላለፋል። ይህን ገንዘብ በጊዜው የሚጠይቅና እምቢ ሲባልም ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ደግሞ የሚጠይቅ መሐንዲስ አዲስ ድልድይ ከሠራው ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።