የአንድሮሜዳ መልክ በመዳብ ሰሌዳ ላይ



የጥንት ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ስለሚሉት ስለ ኬፌዎስና ስለ ልጁ ስለ አንድሮሜዳ ይተርካሉ። እናቷ ካሲዮፔያ በትዕቢት ስለ ተናገረች፣ የባሕር አምላክ አገሪቱን የሚያጠፋ አውሬ ላከ፤ ልጅቱም ቤዛ ትሆን ዘንድ ከዓለት ጋር ታሰረች። ፐርሴውስ ግን አውሬውን ገድሎ አዳናት፤ አገባትም።

በእርግጥ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ያሉት ምድር ወሰኑ ከዛሬዋ አገራችን ጋር አንድ አይደለም፤ ታሪኩን በኢዮጴ ወደብ የሚያደርጉም አሉ። ሆኖም ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ «ሄሮይድስ» በተባለው ድርሰቱ አንድሮሜዳ ጠይም እንደ ነበረች ጽፏል። ይኸው ባለቅኔ «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው መጽሐፉ ደግሞ፣ ታስራ በቆመችበት ጊዜ የእብነ በረድ ሐውልት መስላ እንደ ታየች ይናገራል። አብዛኞቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች እብነ በረዱን አስታውሰው ጠይምነቷን የዘነጉ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1601 ያን ሳንሬዳም በሄንድሪክ ጎልትዚውስ ንድፍ መሠረት የቀረጻት አንድሮሜዳ ነጭ ናት።

በባሮክ ዘመን ከዚህ ልማድ የወጣው በአንትወርፕ ይሠራ የነበረው አብርሃም ቫን ዲፐንቤክ ነው። እርሱ የነደፋቸው ሥዕሎች በመዳብ ተቀርጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1655 ፓሪስ ላይ በታተመው በሚሼል ደ ማሮል መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል። በዚያ አንድሮሜዳ ጥቁር ሆና ትታያለች።

የዚህን ክብደት የሚረዳ የቅርጽን ሥራ የሚያውቅ ነው። በመዳብ ቅርጽ ቀለም የሚያድረው ብረቱ በቈፈረው መስመር ውስጥ ሲሆን፣ ያልተቈፈረው ስፍራ የወረቀቱን ንጣት ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ነጭ ገላ ለማሳየት ጥቂት መስመር ይበቃል። ጥቁር ገላ ግን መስመር በመስመር ላይ እየተደራረበ፣ የትከሻው ክበብና የፊቱ ቅርጽ ሳይጠፋ፣ ከዓለቱ ጥላም ሳይቀላቀል መቀረጽ አለበት። ስለሆነም የዚያች አንድሮሜዳ ጥቁረት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ ሠዓሊው አስቦበት፣ ቀራጩም ደክሞበት የመጣ ነው።

ይህን ዓይነት ሥዕል በተማሪዎቻችን ፊት ስንዘረጋ፣ ተረቱን መንገር ብቻ አይበቃንም። ብረቱ የት እንዳረፈ፣ የትስ እንደ ታለፈ እንዲመረምሩ እናስተምራቸው። ልማድ የደበቀውን እውነት በዚህ መንገድ ራሳቸው ያገኙታል።