መለዋወጫው ለገበሬው ይቅረብ
ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮችና ለሙያ አሠልጣኞች የተደረገ ንግግር



የሀገራችን ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ሩቅ ከተማ አይሄድም። ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ድግሩን ራሱ ከእንጨት ይጠርባል፤ ምራኑን ከቆዳ ያበጃል፤ ብረቱን የመንደሩ ባለእጅ ቀጥቅጦ ያሾልለታል። የበሬ እርሻ ለዘመናት ሳይቋረጥ የኖረው መጠገኛው ከደጃፍ ስላልራቀ ነው።

ዛሬ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር ያጭዳል። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከተቋቋመም ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። ነገር ግን መገጣጠም ብቻውን መለዋወጫን አያቀርብም። አንድ ኩሽኔታ ሲሰበር ወይም አንድ ቺንጊያ ሲበጠስ መኪናው ይቆማል፤ የደረሰ ስንዴ ግን አይጠብቅም። ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣም በዛላው ላይ ይበቅላል። ምንዛሪ ተገኝቶ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ የገበሬው የዓመት ድካም በሜዳ ይቀራል።

ስለዚህ መለዋወጫን በሦስት ከፍለን እንድናይ እናሳስባለን። ፒን፣ ወንፊትና የማረሻ ስለት በወረዳ ከተሞች ባሉ የቶርኖና የብየዳ ቤቶች ሊሠሩ ይችላሉ። ጊርና ዘንግ የተመረጠ ብረትና በእሳት ማጠንከር ስለሚሹ የተሟላ መሣሪያ ላላቸው ፋብሪካዎች ይሰጡ። ኩሽኔታና የነዳጅ ፓምፕ ለጊዜው ከውጭ ይመጣሉ፤ እነዚህን ማኅበራት በክረምት፣ አጨዳ ሳይደርስ፣ ተባብረው ገዝተው በመጋዘን ያኑሩ።

ጥራትም አይዘንጋ። ከፌሮ የተቆረጠ ፒን መልኩ ከዋናው ጋር ቢመሳሰልም ፈጥኖ ያልቃል፤ ሲሰበርም ሌላውን ክፍል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕቃ ልክ በሥዕል፣ የብረቱ ዓይነት በጽሑፍ ይያዝ።

ከሁሉ በፊት ግን ባለእጁን እናክብር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከየመንደሩ ፈጽሞ አልጠፋም። የብረትን ጠባይ ከአባቱ የተማረውን ሰው እያራቅን፣ ብረት ከባሕር ማዶ ስንጠብቅ መኖር አይገባንም። ልጆቹ በሙያ ማሠልጠኛዎች ቅድሚያ ያግኙ፤ ማኅበራትም ሥራ ይዘዙላቸው፤ ዋጋውንም በጊዜው ይክፈሏቸው። እንዲህ ከሆነ ገበሬው መኪናው በቆመበት ቀን የሚሄድበትን ደጅ ያውቃል።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።