ከአምራቿ እጅ እንግዛ
(በማኅበራችን የሐምሌ ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከዚያም ዘመን መለወጫና መስቀል ይከተላሉ። ሁላችንም ቅቤና ነጠላ የምንገዛበት ጊዜ ስለሆነ፣ ብራችን ወዴት እንደሚሄድ እንነጋገር።

ከቅቤው ልጀምር። በገጠር ወተቱን የምትንጠውም፣ ቅቤውን ገበያ የምታወጣውም ሴቷ ናት። በሬ ሲሸጥ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ በባል እጅ ይገባል፤ የቅቤና የእንቁላል ገንዘብ ግን የእሷ ነው። ጨውም ደብተርም የሚገዛው በእሱ ነው። ታዲያ ቅቤው እኛ ዘንድ እስኪደርስ በሰብሳቢ፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ እጅ ያልፋል። ማጓጓዣ ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ነጋዴውም በከንቱ አይደክምም። ነገር ግን እጅ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ሙዝ ወይም ሌላ ቅባት የሚቀላቅልም አይጠፋም። እኛ በውድ እንገዛለን፣ እሷ በርካሽ ትሸጣለች።

መላ አለው። በክረምት ሣር ስለሚኖር ወተት ይበረክታል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ግን ጾም ስለሆነ የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል። አምራቿ ገዢ የምታጣው ያኔ ነው። 5 ወይም 6 ሆነን ገንዘብ አዋጥተን በዚያ ሰሞን ከአንድ መንደር ሴቶች ብንገዛ፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አንጥረን ብናስቀምጥ፣ በዓሉ ሲደርስ በዋዜማው ዋጋ አንጨነቅም። እሷም ገዢ በጠፋበት ሰሞን ገንዘብ ታገኛለች።

ወደ ነጠላው ልምጣ። ዛሬ ጥበብ መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ፤ የታተመ ከሆነ ቀለሙ ከኋላ ይደበዝዛል። ማጉንም ልብ ብላችሁ እዩ፤ በእንዝርት የተፈተለ ማግ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ቀጠን ይላል። ያ ጉድለት አይደለም፤ የሴት እጅ ያለፈበት ምልክት ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ከሸማኔው ስትገዙ ማጉን የፈተለችው ማን እንደሆነች ጠይቁ። የእሷ ድካም ጥበቡ ላይ ስለማይታይ ሁልጊዜ ይረሳል።

እኛም አምራቾች ነን። ከመካከላችን እንጀራ የሚጋግሩ፣ በርበሬ የሚያዘጋጁ አሉ። ለእነሱ ሁለት ነገር እላለሁ። ሚዛናችሁ የሞላ፣ ዕቃችሁ ንጹሕ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ባዕድ ነገር የተገኘበት በርበሬ የሁላችንንም ስም ያጠፋል። ገዢዎች ደግሞ «እህቴ ናት» ብለን በዱቤ ወስደን አንዘግይባት። እሷ በርበሬውን የገዛችው በጥሬ ገንዘብ ነው።

ደጋፊዎቻችንም አዝናችሁልን አትግዙ። ዕቃው ካልጠቀማችሁ ይቅር። ከወደዳችሁት ግን ቀደም ብላችሁ እዘዙ፣ ቀብድም ስጡ፤ ፈታይዋ ጥጥ ለመግዛት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ እንዳትሄድ የሚያደርጋት ያ ነው።

ጨውና ሳሙናውን ከሱቅ እንግዛ፤ ሁሉን ከአምራች እንግዛ አላልኩም። ቅቤውን፣ በርበሬውንና ነጠላውን ግን ከአምራቿ እጅ ማግኘት እንችላለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ዛሬ ከመበተናችን በፊት በየሰፈራችን ሆነን ለቅቤው እንመዝገብ። ደብተሩ በር ላይ አለ።