አንድ ቤንዚን፣ ሁለት መለኪያ

አየርን ለማጽዳት የወጣ የነዳጅ ሕግ ከዓለም የንግድ ሕግ ጋር ሲጋጭ ብዙዎች «ንግድ ተፈጥሮን ረታ» ይላሉ። የዓለም ንግድ ድርጅት የይግባኝ አካል እ.ኤ.አ. በ1996 የሰጠው የመጀመሪያ ውሳኔ ግን ይህን አባባል አይደግፍም። አሜሪካ በ1993 ባወጣችው ደንብ ቤንዚን በ1990 ከነበረው የባሰ እንዳይበክል ስታዝ፣ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ማጣሪያዎች በየራሳቸው የ1990 መረጃ እንዲለኩ ፈቀደች፤ የውጭዎቹ ግን በአብዛኛው ሕጉ በወሰነው አማካይ ተለኩ። ስለዚህ ጥራታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ቤንዚኖች የአሜሪካው ሲያልፍ የቬኔዝዌላው ሊታገድ ይችል ነበር። ቬኔዝዌላና ብራዚል ከሰሱ።

አሜሪካ የውጭ ማጣሪያዎችን መረጃ ማረጋገጥ ያስቸግራል ብላ ተከራከረች። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ በሰው አገር ገብቶ መዝገብ መመርመር ቀላል አይደለም። ዳኞቹ ግን ከሁለቱ መንግሥታት ጋር የመተባበርን መንገድ በበቂ ሁኔታ አልሞከርሽም፣ ለራስሽ ማጣሪያዎች ወጪ ስትጨነቂ የውጭዎቹን ከቁጥር አላስገባሽም አሏት። ንጹሕ አየር ሊያልቅ የሚችል የተፈጥሮ ሀብት መሆኑ ግን ተቀባይነት አግኝቷል፤ የጽዳቱን ደረጃ ዝቅ አድርጊ ያላትም የለም። የተነቀፈው አድልዎው ነው፤ በእኔ እምነትም በትክክል ተነቅፏል። እንዲህ ያለ ክስ በራሱ ሕግ አውጪዎችን ያስፈራል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሙግት ገንዘብም ዓመታትም ይበላል። ሆኖም አሜሪካ በ1997 ደንቡን አሻሽላ የውጭ ማጣሪያዎችም በራሳቸው መረጃ ለመለካት እንዲያመለክቱ ፈቀደች፣ የእሷን ተቆጣጣሪዎች እንዲያስገቡም ግዴታ ጣለችባቸው። አስቸጋሪ የተባለው ማረጋገጫ መንገድ ተገኘለት።